የልደት ሥዕል እየሣልኩ ነው፤ በሬውንና አህያውን ላውጣቸው?

ቀለም በጥባጭ | ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለናንተ ይሁን። ሙያዬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት። ሰሞኑን አንድ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ የሚሰቀል የልደት ሥዕል አዝዞኛል። ሸራው ተወጥሯል፣ ቀብዱንም ተቀብያለሁ። ችግሩ ከትእዛዙ ጋር በስልክ የላኩልኝ የፖስት ካርድ ፎቶግራፍ ነው። የሳንቃ ጋጣ፣ ጣሪያው ላይ የተከመረ በረዶ፣ ሣር የሞላበት የእንጨት ሣጥን፣ በውስጡ ወርቃማ ፀጉር ያለው ፈገግተኛ ሕፃን። ባልየው «ልክ እንደዚህ» አሉኝ። በማግሥቱ ሚስታቸው ለብቻቸው ደወሉና «የኛን አገር ሥዕል አስመስልልኝ፤ እንስሳቱን ግን ተዋቸው፣ ሳሎኔ ውስጥ አህያ አልፈልግም» አሉኝ።

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አባቴ ያለ በሬና ያለ አህያ የልደት ሥዕል ሲጨርስ አይቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ቦታ ሲጠበው እረኞቹን ይቀንስ ነበር እንጂ እነሱን አይነካም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ ዛሬ ደግሞ የምጠይቀው አባት የለኝም። የምታውቁ ንገሩኝ፤ እንስሳቱ ጌጥ ናቸው ወይስ ትርጉም አላቸው? ቢወጡ ምን ይጎድላል?


ሉቃስ አንባቢ | ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3፡02

ወንድሜ፣ ሴትዮዋ ሳያውቁት እውነት ተናግረዋል። የሉቃስን ምዕራፍ 2 ከዳር እስከ ዳር አንብበው፤ በሬ የለም፣ አህያም የለም። ዋሻም የለም፣ የሳንቃ ጋጣም የለም። ያለው አንድ ግርግም ብቻ ነው። ማቴዎስም ሰብአ ሰገል ሦስት ነበሩ አላለም፤ ሦስት የሆኑት ስጦታዎቹ ናቸው። የገቡትም «ወደ ቤት» ነው። እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ስለሆንኩ ለሥዕል እንግዳ ነኝ፤ ብሥል ግን የተጻፈውን ብቻ እሥል ነበር።


የድጓ ተማሪ | ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 4፡40

ሉቃስ አንባቢ ያልከው ልክ ነው፤ በወንጌሉ ውስጥ የሉም። መጽሐፍ ቅዱስ ግን አንድ ወንጌል ብቻ አይደለም። ኢሳይያስ ገና በመጀመሪያው ምዕራፉ ምን ይላል? «በሬ የገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጥ አወቀ፤ እስራኤል ግን አላወቀም።» ጋጥና ግርግም በአማርኛችን ሁለት ቃል ሆኑ እንጂ በግሪኩ አንድ ቃል ናቸው። የጥንት አባቶች ሉቃስ «ግርግም» ሲል ያቺን የኢሳይያስን ጋጥ ነው የሰሙት። የዕንባቆም ጸሎትም አለ፤ በዳዊታችን መጨረሻ ከነቢያት መኃልይ ጋር የምንደግመው። ከዕብራይስጥ የተመለሰው «በዓመታት መካከል» የሚለውን ቦታ ግሪኩ «በሁለት እንስሳት መካከል ትታወቃለህ» ይለዋል፤ የእኛም ግእዝ የተከተለው ግሪኩን ነው።

ለሠዓሊ ደግሞ ይህን ልጨምር። ከቀድሞዎቹ የልደት ምስሎች መካከል በ4ኛው መቶ ዘመን በሮም ግዛት በድንጋይ የሬሣ ሣጥኖች ላይ የተቀረጹ አሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ማርያም የለችም፣ ዮሴፍ የለም፣ እረኛም የለም። የተጠቀለለ ሕፃን፣ አንድ በሬ፣ አንድ አህያ፤ በቃ። እናቲቱን እንኳ ትተው እነሱን አልተዉም። ሲጨመሩ የኖሩት ሌሎቹ ናቸው፤ እንስሳቱ ከመጀመሪያው ነበሩ።

ስለዚህ ጌጥ አይደሉም፤ ወቀሳ ናቸው። ከብት ጌታውን ሲያውቅ ሰው አላወቀም የሚል ወቀሳ። በኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ወደ ርኅራኄ ያዘነብላል። የሚሰጡት ወርቅ ስላልነበራቸው እስትንፋሳቸውን ገበሩለት፣ ብርዱንም በትንፋሻቸው አራቁለት እንላለን። ሴትዮዋን «ሳሎንዎ ውስጥ የሚያሞቅ ነው የሚገባው» በላቸው።


ሉቃስ አንባቢ | ታኅሣሥ 9፣ ከጧቱ 1፡10

የኢሳይያሱን ተቀብያለሁ። አያይዤው አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን እኔም ላዋጣ። «በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስለሌላቸው» የሚለውን ብዙ ሰው ሆቴል ሞልቶ በር እንደተዘጋባቸው አድርጎ ነው የሚያስበው። በየዓመቱ በልጆች ድራማ ላይ ክፉ የሆቴል ባለቤት ይወጣና «ቦታ የለም!» ብሎ ይጮኻል። ሉቃስ ክፍያ የሚጠየቅበትን ማደሪያ መጥቀስ ሲፈልግ ሌላ ቃል አለው፤ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ያስገባበትን ቤት በዚያ ቃል ነው የሚጠራው። እዚህ የተጠቀመበት ቃል ግን ጌታ የመጨረሻውን እራት የበላበትን የእንግዳ ክፍል የሚጠራበት ነው። ዮሴፍ የመጣው ወደ ዘመዶቹ ከተማ ነው። የእንግዳው ክፍል በሌላ ሰው ተይዞ ስለነበር ቤተሰቡ ከብቱ ጋር በሚያድርበት በዋናው ቤት ውስጥ ወለደች የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የዚያ አገር የገበሬ ቤት ወለሉ በእርከን የተከፈለ ነበር፤ ከላይ ሰው፣ ከታች ከብት፣ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ግርግሙ። እንደዚያ ከሆነ የተጣለ ሕፃን ሳይሆን የተጣበበ ቤት ነው የምትሥለው። ክፉውን የሆቴል ባለቤት ተወው፤ ምስኪን፣ ወንጌል ውስጥ የለም።


የመንዝ ልጅ | ታኅሣሥ 9፣ ከጧቱ 3፡25

ይህን የጻፍከውን ሳነብ የአያቴ ቤት ድቅን አለብኝ። ብርዱ እንደ መንዝ በሆነበት አገር ከብት ውጭ አይታደርም። አያቴ ቤት ስትገቡ በስተግራ ጥጃና በግ፣ ወዲያ ማዶ ምድጃ፣ ከምድጃው ኋላ መደብ። መኖው የሚቀርበው በጭቃ በተለሰነ የድንጋይ ገበታ ላይ ነበር፤ ላሟ ስትልሰው ስለምትውል ጠርዙ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያበራል። ልጅ ሆኜ ጣቴን አሳልፌበት አውቃለሁ፤ ለስላሳ ነው። እናቴ የተወለደችው እዚያው ቤት ነው። አራስ በምትኖርበት ጊዜ ጥጆቹን አያስወጧቸውም ነበር፤ ቤቱን ያሞቁታል።

ስለዚህ አባቴ ሆይ፣ ወይም ወንድሜ ልበልህ ዕድሜህን አላውቀውም፣ «በረት ውስጥ ተወለደ» ሲባል የከተማ ሰው ውርደት ይታየዋል፤ እኔ የሚታየኝ አያቴ ቤት ነው። የሳንቃ ሣጥኑን ግን እባክህ አትሣለው። በሳንቃ ላይ ማን ላም ያበላል?


ቤተልሔም ነኝ | ታኅሣሥ 9፣ ከቀኑ 7፡50

በስሜ ስትነጋገሩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስሜ ቤተልሔም ነው፤ ታኅሣሥ ውስጥ ስለተወለድኩ። ክፍላችን ውስጥ ሦስት ቤተልሔሞች ስለነበርን መምህሩ በአባቶቻችን ስም ነበር የሚለዩን። ቃሉ በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት እንደሆነ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ለእናቴ ስነግራት «አንቺ? እንጀራ ጋግረሽ የማታውቂ?» አለችኝ።

ቁም ነገር ልጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቤት ለምንድን ነው ቤተልሔም የሚሏት? ከልደቱ ጋር ግንኙነት አላት ወይስ እንዲሁ የስም መመሳሰል ነው?


የድጓ ተማሪ | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2፡30

እኅቴ ቤተልሔም፣ ይህን ጥያቄ ሰው እስኪጠይቀው ስጠብቅ ነው የዋልኩት።

ልጅ ዲያቆን ሳለሁ ሌሊት የምቀሰቀሰው ለዚያች ቤት ነበር። ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ነው የምትሠራው፤ የእኛዋ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራች፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት ነበረች። ውስጧ ምድጃ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ዘቢቡ የሚዘጋጅበት ዕቃ። ሌላ ምንም የላትም። ገበዙ በራፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚቀበልህ ጭስ ነው፤ ቀጥሎ የዱቄት ሽታ። ዱቄቱ ይቦካል፣ የመስቀል ምልክት ይደረግበታል፣ ይጋገራል። ለዚያ ዕለት ቅዳሴ የሚሆነው የዚያ ዕለቱ ብቻ ነው፤ የትናንቱ አይሆንም። ከዚያ ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ተደርጎ፣ ተሸፍኖ፣ ጥላ ተይዞለት ወደ መቅደስ ይሄዳል። ፊት ፊት ቃጭል ይመታል። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ቃጭሉን ሲሰማ ወሬውን ያቋርጣል፣ ይሰግዳል።

ያቺ አጭር መንገድ፣ ሃምሳ እርምጃም አትሞላም፣ ከቤተልሔም እስከ ቀራንዮ ናት ብለው አስተምረውናል። እዚያ ተወለደ፣ እዚህ ተሠዋ። ስለዚህ የስም መመሳሰል አይደለም። በየቅዳሴው የገናን ሌሊት እንጀምራለን ማለት ነው።

አሁን ወደ ግርግሙ ተመለሱ። ግርግም ምንድን ነው? አልጋ አይደለም፤ የመንዝ ልጅ እንዳለችው የመብል ገበታ ነው። «የእንጀራ ቤት» በሚባል ከተማ፣ በመብል ገበታ ላይ የተኛ ሕፃን፣ አድጎ «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» አለ። አባቶች እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። መሠዊያው ላይ ኅብስቱ የሚቀመጥበት ጻሕል የግርግሙም የመቃብሩም ምሳሌ ነው ተብሎ የተማርነው ለዚህ ነው። እመቤታችንንም «መሶበ ወርቅ» እያልን የምናመሰግናት እንጀራውን ስለያዘች ነው።

ስለዚህ ቀለም በጥባጭ፣ በሬውንና አህያውን ብታወጣቸው የሚጎድለው ይህ ነው። እነሱ ከሌሉ ግርግሙ አልጋ ይሆናል፤ እነሱ አፋቸውን አቅርበው ሲታዩ ግን ያ ነገር የሚበላበት ቦታ መሆኑ ይታወቃል።


ቀለም በጥባጭ | ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 5፡05

አባቴ እንስሳቱን ሁልጊዜ አፋቸውን ወደ ግርግሙ አስደፍቶ ነበር የሚሥላቸው። እኔ እስትንፋስ እየሰጡ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ሊበሉ የመጡም ናቸው። ዛሬ ማታ እንቅልፍ የለም።


እማማ ከሜሪላንድ | ታኅሣሥ 10፣ ከሌሊቱ 9፡20

ልጆቼ፣ እዚህ ገና ምሽት ነው፤ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የማነባችሁ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሳይኖረን ለዓመታት ከሌላ ሃይማኖት ሰዎች አዳራሽ ተከራይተን ነበር የምንቀድሰው። ቤተልሔማችን ምን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ከመፀዳጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለች የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል። ካህኑ ወንበሮቹንና መጥረጊያውን አውጥተው፣ አጥበው፣ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀሉ። ጭስ ጠቋሚው እንዳይጮኽ መስኮት እየተከፈተ ነበር የሚጋገረው፤ አንድ ጊዜ ጮኾ የእሳት አደጋ መኪና መጥቶብናል። ቃጭሉም በዚያ ምንጣፍ በተነጠፈበት ኮሪደር ነበር የሚሄደው። ዛሬ የራሳችን ሕንፃ አለን፣ ደስ ይላል፤ የዚያች ክፍል ነገር ግን ከልቤ አይወጣም።

ለሠዓሊው፦ ባልየውን አትቀየማቸው። እኔም ሳሎኔ ውስጥ በረዶ ያለበት ካርድ አለኝ፤ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ነው።


ሉቃስ አንባቢ | ታኅሣሥ 10፣ ከጧቱ 2፡00

እማማ፣ ያ ካርድም ቢሆን ትልቅ አያት አለው። የካቶሊኩ መነኩሴ የአሲዚው ፍራንቸስኮ እ.ኤ.አ. በ1223 ግሬቾ በምትባል የኢጣልያ መንደር በገና ሌሊት ሣር የሞላበት ግርግም አሰናድቶ፣ እውነተኛ በሬና አህያ አስመጥቶ፣ ገበሬውን ሰብስቦ ልደቱን በዓይን አሳየ። የሚገርመው ግን የዚያን ሌሊቱ ቅዳሴ የተቀደሰው በዚያው ግርግም ላይ ነው። የድጓ ተማሪ ያለው ነገር ማለት ነው፤ ግርግሙ ገበታ ሆነ። ካርዱ ላይ ሲደርስ ገበታው ጠፍቶ በረዶው ቀረ።

እኔ የቅዱስ ቁርባኑን ነገር እንደናንተ አላስተምርም፤ ይህን ግን ማንም ክርስቲያን ሊያየው የሚችል ይመስለኛል።


ተጓዥ | ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 6፡35

ቤተልሔም ከተማዋን አይቻታለሁ። ከኢየሩሳሌም ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በ4ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ዘመን በዋሻው ላይ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በ6ኛው መቶ ዘመን በዮስጢንያኖስ ዘመን እንደገና ተሠርቷል። ትልቁን በር በድንጋይ ስለደፈኑት ዛሬ የሚገባው በአንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ከፍታ ባለው ቀዳዳ ነው። በድንጋዩ ላይ የድሮው ትልቅ በር ቅርጽ ይታያል። ፈረሰኛ እንዳይገባ ነው የጠበበው ይባላል፤ ሰዎቹ ግን የትሕትና በር ይሉታል። ከፊቴ የነበረ ረጅም ሰውዬ ግንባሩን መታውና ሁላችንም አጎነበስን።

ዋሻው ውስጥ መሠዊያው ሥር ባለ 14 ጨረር የብር ኮከብ አለ። 14 ማለት ማቴዎስ የቆጠራቸው ትውልዶች ናቸው፤ ከአብርሃም እስከ ዳዊት 14፣ ከዚያ 14፣ ከዚያም 14። በዚያች ኮከብ ምክንያት የደረሰው ጠብ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ተሰርቃ ነበር፤ ስርቆቷ የክራይሚያን ጦርነት ካቀጣጠሉት ጠቦች አንዱ ነው። የሰላም አለቃ በተወለደበት ቦታ።

ከኮከቡ ጥቂት ራቅ ብሎ ግርግሙ ነበረበት የሚባለው ቦታ አለ። እዚያው አጠገብ ይኖር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ420 ያረፈው የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ጄሮም፣ በዘመኑ ሰዎች የጭቃውን ግርግም አንስተው የብር ስላስቀመጡ ያዝን ነበር፤ ለእርሱ የሚበልጠው ጭቃው ነበር። የመንዝ ልጅ የጻፈችውን ሳነብ እርሱን አስታወሰችኝ።


ጥያቄ አለኝ | ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 9፡12

ሰዎች፣ ዘንድሮ ገና 28 ነው ወይስ 29?


የድጓ ተማሪ | ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 9፡30

29። ወደ 28 የሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለችው ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ከመጋቢት 29 ጽንሰት ጀምሮ ያለው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል።


አወያይ | ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 9፡41

የታኅሣሡና የፈረንጆቹ ቀን ክርክር ወደዚህ እንዳይሻገር፤ ለእሱ የተከፈተ ሌላ ክር አለ። ሁለት አስተያየቶች አንስቻለሁ።


የድጓ ተማሪ | ታኅሣሥ 10፣ ከምሽቱ 1፡15

ለሠዓሊው አንድ ሁለት ነገር ልጨምርና ላብቃ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የልደት ሥዕልን ካየህ ሕፃኑ እንደ ሬሣ ነው የሚጠቀለለው፣ ግርግሙም የድንጋይ ሣጥን ይመስላል፣ ዋሻውም ጥቁር ነው። ሆን ተብሎ ነው። ሉቃስ ሲጀምር ጠቅልላ በግርግም አስተኛችው አለ፤ ሲጨርስ ደግሞ ዮሴፍ ዘአርማትያስ በበፍታ ከፍኖ ከዓለት በተወቀረ መቃብር አኖረው አለ። ሰብአ ሰገል ያመጡት ከርቤም ኒቆዲሞስ ለመቃብሩ ካመጣው ጋር አንድ ነው። ወርቁ ለንጉሥ፣ ዕጣኑ ለካህን፣ ከርቤው ለሞት። የእናቱ እጅ ገና በመጠቅለያው ላይ እያለ መግነዙ ይታያል።

ከላይ ደግሞ ከሰማይ ወደ ሕፃኑ የሚወርድ አንድ ጨረር አድርግበት። እኛ ሁለት ልደት ነው የምንለው፤ ቅድመ ዓለም ያለ እናት ከአባት፣ ድኅረ ዓለም ያለ አባት ከእናት። አባቶቻችን በልደት ቁጥር ተከራክረው ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት የተበየነው ይኸው ሁለት ልደት ነው። ያ ሁሉ ክርክር ሥዕል ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። በወርቅ ቀለም ይሁን፣ ግን አታወፍራት።


ቀለም በጥባጭ | ታኅሣሥ 16፣ ከቀኑ 11፡20

ሳልጽፍላችሁ ሰነበትሁ፤ እየሠራሁ ነው። ንድፉን ለባልና ሚስቱ አሳየኋቸው። በረዶውንና ሳንቃውን አውጥቻለሁ። ግርግሙን ከድንጋይና ከጭቃ አደረግሁት፤ የመንዝ ልጅ ያለችውን የሚያበራ ጠርዝ ለማምጣት ሦስት ጊዜ ነው ደምስሼ የሠራሁት፤ በመጨረሻ ነጭ ሳይሆን ትንሽ ቢጫ ያለበት ቡኒ ነው የሠራልኝ። መጠቅለያውን አጠበቅሁት። ባልየው «ልጁ ለምን እንደ በሽተኛ ተጠቀለለ?» ብለው ጠየቁኝ፣ ከርቤውን ነገርኳቸው፣ ብዙ ሳይናገሩ ቆዩና «ይሁን» አሉ።

ሚስታቸው አህያዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የእንጀራ ቤቱንና የገበታውን ነገር እንደቻልኩት አስረዳኋቸው፤ እንደ የድጓ ተማሪ አልሆነልኝም። በመጨረሻ «ዓይኗ ያሳዝናል፤ ትቆይ» አሉኝ። በሬውን ምንም አላሉትም።

የቀረኝ ዮሴፍ ነው። በምሥራቆቹ ሥዕል ራሱን በእጁ ደግፎ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ አባቴ ግን ከግርግሙ ራስጌ ያቆመው ነበር። የቱን ልከተል?


ሉቃስ አንባቢ | ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 12፡05

ቤቱ የዘመዶቹ ከሆነ ራቅ ብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። የአባትህን ተከተል።


የድጓ ተማሪ | ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 2፡10

ርቆ መቀመጡ «ይህ ልጅ ከእርሱ አይደለም» ለማለት ነው፤ የራሱ ትምህርት አለው። ቢሆንም በዚህ አንድ ነገር ከሉቃስ አንባቢ ጋር ተስማምቻለሁ፤ ይመዝገብልኝ።


የመንዝ ልጅ | ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 2፡48

በሬው ምን ዓይነት ነው?


ቀለም በጥባጭ | ታኅሣሥ 16፣ ከምሽቱ 3፡30

ቀይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። አባቴ የሣላቸው ሁሉ ቦቃ ነበሩ፤ ምናልባት በልጅነቱ የሚያውቀው በሬ ይሆናል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ሲደርቅ ፎቶግራፉን እዚህ እለጥፈዋለሁ።